ማን ሞቶባቸው ነው ጥቁር የለበሱት?

በ1990 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ነበር። የዲቪ ዕጣ ደርሶት አሜሪካ ከገባ ሁለት ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ታላቅ ወንድሜ፣ ለበዓል ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ ዕቃ ላከልን። ለእናታችን ሹራብ፣ ለእኔ ጫማ፣ ከጫማው ሳጥን ሥር ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ የቪዲዮ ካሴት። ከካሴቱ ጋር አንዲት የተጣጠፈች ወረቀት ነበረች። «ይህን ፊልም እዩት፤ ያስቃል። ደግሞም ስለ እኛ ነው» ትላለች።

በካሴቱ ልባስ ላይ ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ጥቁር ከረባት ያሰሩ ሁለት ሰዎች መሣሪያቸውን ይዘው ቆመዋል። አንዱ ዕድሜው የገፋ ፈረንጅ፣ ሌላው ጥቁር ጎረምሳ ነው። እናቴ ካሴቱን ተቀብላ አገላብጣ አየችና፣ «ማን ሞቶባቸው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ ሳቅሁ። «እማዬ፣ ማንም አልሞተባቸውም፤ የመንግሥት ሰላዮች ናቸው» አልኳት። እሷ ግን አልሳቀችም። «ታዲያ ሰላይ ከሆኑ ለምን እንዲህ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸውን ልብስ ይለብሳሉ?» አለች። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ስለዚህ ፊልምና ፊልሙ ስለወጣበት ተረት ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ የእናቴን ሁለት ጥያቄዎችና የወንድሜን አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ገና አልጨረስኳቸውም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው። ዓ.ም. ካልኩባቸው በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ቀለም አልባው ቀለም

ካሴቱን ለማየት ዴክ ያስፈልጋል፤ ከጎረቤት ተዋስን። ስናስገባው ሥዕሉ እንደ ወፍጮ ይሽከረከር ጀመር። የሰፈራችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ ካየው በኋላ፣ «ይህ የአሜሪካ ካሴት ነው፤ የእኛ ዴክ አያነበውም» አለን። ነገሩ እውነት ነበር። አሜሪካ ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ትጠቀም ነበር፤ እኛ ደግሞ በፓል። የእነሱ ሥዕል 525 መስመር ኖሮት በሴኮንድ ወደ 30 ጊዜ ሲታደስ የእኛው 625 መስመር ኖሮት 25 ጊዜ ይታደሳል። የቀለሙም አጻጻፍ የተለያየ ነው። በማግስቱ ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ከሌላ ሰፈር ተገኘ። ሥዕሉ ቆመ፤ ቴሌቪዥናችን ግን የአሜሪካኑን ቀለም አያውቅምና ፊልሙ በጥቁርና በነጭ ብቻ ወጣ።

እንግዲህ ወደ 90 ሚሊዮን ዶላር ፈስሶበት የተሠራውን ፊልም እኛ ቤት ያየነው እንዲህ ነው። ጥቁሩ ልብስ አልተለወጠም። የባዕዳኑ አረንጓዴና ሰማያዊ ገላ ግን ሁሉም ግራጫ ሆነ፤ ሰውና ባዕድ በቀለም አይለይም ነበር።

ፊልሙ «ሜን ኢን ብላክ» ይሰኛል፤ በእኛ አፍ «ጥቁር ለባሾቹ» ብንለው ያስኬዳል። አሜሪካ ውስጥ ሐምሌ 2 ቀን 1997፣ በእኛ ሰኔ 25 ቀን 1989 ዓ.ም. መታየት ጀመረ። ያዘጋጀው ባሪ ሶነንፌልድ፣ ድርሰቱን የጻፈው ኤድ ሰሎሞን ነው። ቶሚ ሊ ጆንስ «ኬ» የሚባለውን አንጋፋ፣ ዊል ስሚዝ «ጄ» የሚባለውን ጀማሪ ሆነው ይጫወታሉ። ታሪኩ ባጭሩ ይኸው ነው፦ ከሌሎች ዓለማት ተሰደው የመጡ ፍጡራን የሰው ቆዳ ለብሰው በምድር ላይ ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ የከተሙት ኒውዮርክ ነው። ማንም የማያውቀው አንድ መሥሪያ ቤት ይመዘግባቸዋል፣ ይቆጣጠራቸዋል፣ ሲያጠፉ ይቀጣቸዋል። ያየ ሰው ካለ ደግሞ ብልጭ በምትል አንዲት ዘንግ ትዝታውን ይደመስሱለታል።

ልብሱ የመጣበት አገር

ተረቱ ከፊልሙ በሃምሳ ዓመት ይቀድማል። ሰኔ 24 ቀን 1947 ኬኔት አርኖልድ የሚባል አሜሪካዊ በግል አውሮፕላኑ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ሬይኒየር ከተባለው ተራራ አጠገብ ሲበር ዘጠኝ የሚያብረቀርቁ ነገሮች በታላቅ ፍጥነት ሲያልፉ አየሁ አለ። ጋዜጦች «በራሪ ሳህን» የሚል ስም አወጡለት። ሁለት ሳምንት እንደሞላ፣ በኒው ሜክሲኮ ሮዝዌል የሚገኘው የጦር ሰፈር በራሪ ሳህን ያዝኩ ብሎ አስነገረ፤ ወዲያው ደግሞ የአየር ጠባይ መመርመሪያ ፊኛ ነው ተባለ። አንድ መንግሥት በአንድ አፉ ሁለት ነገር ከተናገረ በኋላ ማን ያምነዋል? ሰዉ የመጀመሪያውን ይዞ ቀረ።

የጥቁር ልብሱን ነገር ያመጣው ግን አልበርት ቤንደር የሚባል የኮኔቲከት ሰው ነው። በ1952 ስለ በራሪ ሳህኖች የሚያጠና ማኅበር አቋቋመ፤ በማግስቱ ዓመት በድንገት ዘጋው። ምክንያቱን ሲጠየቅ ጥቁር ልብስ የለበሱ ሦስት ሰዎች ቤቱ ድረስ መጥተው እንዳስጠነቀቁት ተናገረ። ወዳጁ ግሬይ ባርከር በ1956 ባሳተመው መጽሐፍ ወሬውን በአገሩ ሁሉ ነዛው። ቤንደር ራሱ በ1962 መጽሐፍ ሲያወጣ ሦስቱ ሰዎች የመንግሥት ሰላዮች መሆናቸው ቀርቶ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ሆነው ተገኙ። ወሬ ካፍ ካፍ ሲዛወር መልኩን መለወጡ ያለ ነው፤ የዚህኛው ልዩነት ተናጋሪው ራሱ መለወጡ ነው።

የእናቴን ሁለተኛ ጥያቄ የሚመልሰውም ይህ ይመስለኛል። ጥቁር ሙሉ ልብስ የዚያ ዘመን አሜሪካዊ የመንግሥት ሠራተኛ የዘወትር ልብስ ነበር። የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ሰው፣ የግብር ሰብሳቢ፣ የቀብር አስፈጻሚ ሁሉ እንዲሁ ይለብሳል። ሰውን የሚያስፈራው የማይታይ ሰላይ አልነበረም፤ እንደማንኛውም ጸሐፊ ለብሶ፣ በሩን አንኳኩቶ፣ ስምህን ጠርቶ የሚገባው ነው እንጂ።

ጢሱና እሳቱ

እሳት በሌለበት ጢስ የለም ይባላል። ታዲያ ያን ሁሉ ጢስ ያመጣው እሳት ምን ነበር?

የአሜሪካ አየር ኃይል «ብሉ ቡክ» በተባለው ጥናቱ ከ1947 እስከ 1969 ድረስ የቀረቡ 12,618 ሪፖርቶችን ሰብስቦ መርምሯል። ከእነዚህ መካከል 701 ብቻ ምንነታቸው ሳይታወቅ ቀሩ። የቀሩት ኮከብ፣ ፊኛ፣ ደመና፣ አውሮፕላን ሆነው ተዘጉ። የዚህ መዝገብ አንድ ክፍል ግን ሐሰት ነበረው። በ1955 ዩ-2 የተባለው የስለላ አውሮፕላን መብረር ጀመረ። ከ60,000 ጫማ በላይ ይወጣል፤ በዚያ ዘመን የመንገደኛ አውሮፕላን የሚበረው ከ10,000 እስከ 20,000 ጫማ ባለው ከፍታ ነበር። ፀሐይ ለምድር ከጠለቀች በኋላ እንኳ እዚያ ላይ ያለው ክንፍ ገና ብርሃን እያገኘ ያበራል። ከታች ያለው አብራሪ ያን አይቶ ለመቆጣጠሪያ ማማ ይናገራል። የአየር ኃይል መርማሪዎች ከስለላ ድርጅቱ ጋር ሰዓቱን አመሳክረው እውነቱን ያውቃሉ፤ ለሕዝብ ግን የበረዶ ብናኝ ነው፣ የአየር ሙቀት መገለባበጥ ነው ይላሉ። ይህን የጻፈው የታሪክ ጸሐፊው ጄራልድ ሄይንስ በ1997 ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ከቀረቡት ሪፖርቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የእነዚሁ ምስጢራዊ በረራዎች ውጤት ናቸው ብሏል።

የሮዝዌሉም እንዲሁ ነው። በ1994 አየር ኃይሉ ባወጣው ሪፖርት የወደቀው ነገር የሶቪየትን የኑክሌር ሙከራ ለማዳመጥ የተላከ «ሞገል» የተባለ የምስጢር ፊኛ እንደሆነ ገለጸ። ሁለተኛውንና የመጨረሻ ነው ያለውን ሪፖርት ያወጣው ሰኔ 24 ቀን 1997 ሲሆን፣ ፊልሙ ሲኒማ ቤት የገባው በስምንተኛው ቀን ነው። ፊልሙ በገባ በሁለተኛው ቀን ደግሞ «ፓዝፋይንደር» የምትባለው መንኮራኩር ማርስ ላይ አርፋ ድንጋይና አፈር አሳየችን።

ስለዚህ ተራው ሰው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም ነበር ማለት ይቻላል። መንግሥት የሚደብቀው ነገር እንዳለ በትክክል ገምቷል። የተደበቀው ምን እንደሆነ ግን አልነገሩትምና በራሱ ሐሳብ ሞላው። በእኛም አገር ሬዲዮ ዝም ባለ ቁጥር የሰፈር ወሬ እንዴት እንደሚያብጥ ያየ ሰው ይህ አይገርመውም። ፊልሙም በዚህ ይቀልዳል፤ ጥቁር ለባሹ ኬ መረጃ ሲፈልግ የሚሄደው ወደ ጋዜጣ መሸጫ ሱቅ ነው። የሚያነበውም ትልልቆቹን ጋዜጦች ሳይሆን ማንም የማያምናቸውን የወሬ ጋዜጦች ነው፤ እውነቱ የሚገኘው እዚያ ነው ይላል።

ከሥዕል መጽሔት ወደ ሲኒማ

ሎውል ካኒንግሃም የሚባል ደራሲ በ1990 «ዘ ሜን ኢን ብላክ» የሚል የሥዕል መጽሔት አወጣ፤ ሥዕሉን የሠራው ሳንዲ ካረዘርስ ነው። ኤርሴል በተባለ አነስተኛ አሳታሚ በጥቁርና በነጭ የታተመ ነበር፤ እኛ ቤት የታየው ፊልም በሳያውቅ ወደ ምንጩ ተመልሶ ኖሯል። መጽሔቱ ቀልድ አይደለም። በውስጡ ያሉት ጥቁር ለባሾች ባዕዳንን ብቻ ሳይሆን አጋንንትን ጭምር የሚያሳድዱ፣ ምስጢር ለመጠበቅ ሰው ከመግደል የማይመለሱ ጨካኞች ናቸው።

አዘጋጆቹ ዋልተር ፓርክስና ሎሪ ማክዶናልድ መብቱን ገዙ፤ ስቲቨን ስፒልበርግ ከበላይ ሆኖ መራው፤ ጨካኙ ታሪክም አስቂኝ ሆነ። ቀዝቃዛው ጦርነት አብቅቶ፣ ሶቪየት ኅብረት በ1991 ፈርሳ፣ አሜሪካኖች የትናንት ፍርሃታቸውን ዞር ብለው የሚስቁበት ጊዜ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት ዊል ስሚዝ ራሱ የተጫወተበት «ኢንዲፔንደንስ ዴይ» ባዕዳንን የሚደመሰስ ጠላት አድርጎ አቅርቧል። «ጥቁር ለባሾቹ» ግን ባዕዳንን ጎረቤት አደረጋቸው፤ ጋዜጣ የሚሸጥ፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ሚስቱ የምትወልድበት ጎረቤት።

ስለ ሥራው ከሰማሁት ሁሉ የማረከኝ አንድ ነገር አለ። ፊልሙ ከተቀረጸ በኋላ ታሪኩ ተወሳስቧል ተባለ። እርስ በርስ የሚዋጉ የባዕዳን ወገኖች ቁጥር መቀነስ አስፈለገ። እንደገና መቅረጽ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ነገር ግን ባዕዳኑ የሚናገሩት ቋንቋ የማንም ቋንቋ አልነበረምና ከሥር የሚጻፈውን የእንግሊዝኛ ትርጉም ብቻ ለወጡት፤ ታሪኩም ተለወጠ። የሚናገረውን የሚያውቅለት የሌለው ሰው ምን እንዳለ የሚወስነው ተርጓሚው ነው። በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ከፊት ተቀምጦ እንግሊዝኛውን በአማርኛ ጮክ ብሎ የሚነግረን ልጅ ነበር። ከዓመታት በኋላ አንዳንዶቹን ፊልሞች ደግሜ ሳያቸው የልጁ ታሪክ ከፊልሙ ታሪክ ጋር ምንም ዝምድና እንዳልነበረው ገባኝ፤ የልጁ ይሻል የነበረባቸውም አሉ።

ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ወደ 590 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ አስገባ። በመጋቢት 1998 ሪክ ቤከርና ዴቪድ ሊሮይ አንደርሰን በገጽ ቅብ ሥራቸው የኦስካር ሽልማት ወሰዱበት። ደራሲው ኤድ ሰሎሞን ግን በሚደርሰው የሒሳብ መግለጫ መሠረት ፊልሙ እስካሁን ትርፍ እንዳላሳየ በአደባባይ ተናግሯል። ትዝታን የምትደመስሰው ዘንግ ከሒሳብ ክፍልም ሳትገባ አልቀረችም።

«ባዕድ» የሚለው ቃል

አሁን ወደ ወንድሜ ወረቀት ልመለስ። «ስለ እኛ ነው» ማለቱ ምን ማለቱ ነበር?

እንግሊዝኛው «ኤሊየን» የሚለው ቃል ከሌላ ዓለም ለመጣ ፍጡር የተሰጠው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ትርጉሙ አንድ ነበር፦ የሌላ አገር ሰው። በ1798 አሜሪካ ገና ከተመሠረተች ብዙ ሳይቆይ በፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ዘመን ስለ ባዕዳን የወጡት ሕጎች በዚሁ ቃል የተጻፉ ናቸው፤ ዜግነት ለማግኘት የሚፈለገውን የአምስት ዓመት ቆይታ ወደ አሥራ አራት ያሳደጉትም በዚያው ወቅት ነው። በ1940 የወጣው ሕግ ደግሞ ዕድሜው 14 የሞላው ዜጋ ያልሆነ ሰው ሁሉ እንዲመዘገብና የጣት አሻራ እንዲሰጥ አዘዘ። ወንድሜ በ1988 ዓ.ም. መጨረሻ ሲገባ የተቀበለው የመኖሪያ ካርድ ላይ ከፎቶግራፉና ከአሻራው ጋር የተጻፈበት ቃል «ነዋሪ ባዕድ» የሚል ነበር። ይህ አጻጻፍ የቀረው በ1997 መጨረሻ ገደማ፣ የካርዱ ስም ሲለወጥ ነው፤ ሕጉ ግን ቃሉን እንደያዘ ቆየ።

ፊልሙም የሚጀምረው በዚህ ቃል ነው። ሌሊት፣ የሜክሲኮ ድንበር ላይ፣ ስደተኞች የጫነች መኪና በድንበር ጠባቂዎች ተይዛለች። ሁለት ጥቁር ለባሾች መጥተው ነገሩን ይረከባሉ። ኬ በስፓኒሽ እያናገረ አንድ በአንድ ያያቸዋል። ከመካከላቸው ቋንቋውን የማያውቅ አንዱን ብቻ፣ የሰው ልብስ የለበሰውን የሌላ ዓለም ፍጡር፣ ለይቶ ያወጣና የቀሩትን ወደ አሜሪካ በደህና ግቡ ብሎ ያሰናብታቸዋል። ሕጉ ባዕድ የሚላቸውን ሰዎች ባዕድ ጠባቂው ለቀቃቸው ማለት ነው። ጥቁር ለባሾቹ በዚያ ሌሊት ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ነን ብለው ነበር የቀረቡት፤ ያ መሥሪያ ቤት በ2003 ፈርሶ ሥራው ለአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ተላልፏል።

ቦታውም ያለ ነገር የተመረጠ አይመስልም። የጥቁር ለባሾቹ ዋና መሥሪያ ቤት በር ሆኖ የሚታየው በማንሃታን ደቡብ ጫፍ፣ ባተሪ በተባለው ሰፈር፣ ከምድር በታች ለሚያልፍ የመኪና መንገድ አየር የሚያስገባ እውነተኛ ሕንፃ ነው። ከዚያ በእግር ጥቂት እንደሄዱ ካስል ጋርደን የነበረበት ክብ የድንጋይ ምሽግ ይገኛል። ከ1855 እስከ 1890 ድረስ ከስምንት ሚሊዮን የሚበልጡ ስደተኞች የተመዘገቡት በዚያ ነው። ከ1892 ጀምሮ ሥራውን የተረከበችው ኤሊስ ደሴት ከዚያው ዳርቻ ማዶ ትታያለች። የፊልሙ ባዕዳን በተራ ቆመው፣ ሻንጣቸውን አስፈትሸው፣ ወረቀታቸውን የሚያስመቱበት አዳራሽ የማንኛውንም አየር ማረፊያ የኢሚግሬሽን አዳራሽ ይመስላል። ኬ ለጄ ሲያስረዳው ምድር አገር ለሌላቸው ፍጡራን መጠጊያ እንድትሆን እንደተመረጠች ይነግረውና «ካዛብላንካ» የተባለውን የ1942 ፊልም ያነሳለታል፤ እሱም ከናዚ የሸሹ ስደተኞች ወረቀት የሚጠባበቁበት ፊልም ነው።

ወንድሜ ይህን ሁሉ አላነበበም። ዋሽንግተን አጠገብ ቀን መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ማታ ሆቴል ውስጥ ይሠራ ነበር። በቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ የሰው ቆዳ ለብሰው ታክሲ የሚነዱትን ሲያይ ግን በካርዱ ላይ የተጻፈው ቃል ትዝ አለው፤ ሳቀም።

ማስረሻ

እናቴ በፊልሙ መካከል አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ በትኩረት አየች። ኬ በትልቅ መስኮት ፊት ተቀምጦ፣ በሳተላይት፣ በሩቅ አገር አትክልቷን የምትኮተኩት አንዲት ሴት ይመለከታል። ድሮ የሚወዳት ነች፤ ሥራውን ሲይዝ ትቷታል፤ የት እንደገባ አታውቅም።

«ካያት ለምን አይሄድም?» አለች እናቴ።

«ሥራው አይፈቅድለትም፤ ከዚህ መሥሪያ ቤት የገባ ሰው ስሙም ዘመዱም ይጠፋል» አልኳት።

ጄም ሲቀጠር ያየነው ይህንኑ ነበር። መታወቂያው ይሰረዛል፤ የጣቱ አሻራ ይጠፋል፤ ስሙ ከመዝገብ ሁሉ ወጥቶ አንዲት ፊደል ብቻ ትቀርለታለች። ስደተኛው ሲገባ አሻራውን ይሰጣል፤ ጠባቂው ሲቀጠር አሻራውን ይነጠቃል። ወንድሜ በኋላ እንደነገረኝ በሥራ ቦታው ስሙን መጥራት አቅቷቸው በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ይጠሩት ነበር።

የእኛ ሰው በዚህ ፊልም የሚስቀው ከአሜሪካኖቹ ትንሽ ለየት ብሎ ነው ብዬ አስባለሁ። በንጉሡ ዘመን በየገጠሩ ፖሊስን የሚያግዝ፣ የደንብ ልብስ የሌለው፣ የአገሩን ነጭ የሚለብስ ታጣቂ ነበር፤ «ነጭ ለባሽ» ይባላል። ለከተማው ደግሞ «ጆሮ ጠቢ» የሚል ስም ነበረን። በደርግ ዘመን ሌሊት በር የተንኳኳበት ቤት ያደገ ሰው፣ ሰዎች መጥተው አንድን ሰው ይዘው ሲሄዱና ጎረቤቱ ምንም እንዳላየ ሲሆን ያውቃል። ያ ጎረቤት ብልጭ የምትለዋን ዘንግ አላስፈለገውም፤ በፈቃዱ ይረሳ ነበር። ወይም የረሳ ይመስል ነበር። ፊልሙ መርሳትን እንደ ምሕረት ያቀርበዋል፤ ሰው ባያውቅ ይሻለዋል፣ ቢያውቅ ይደነግጣል ይላል። ይህን ቃል ከቀልድ ፊልም ውጭም ሰምተነዋል። ሳቄ መካከል ላይ የቆመብኝ ቦታ ቢኖር እዚህ ነው።

በፊልሙ መጨረሻ ኬ ደክሞታል። ተተኪ ሲያሠለጥን መቆየቱን ለጄ ይነግረውና ትዝታውን በዘንጓ እንዲደመስስለት ይለምነዋል። ከዚያ ሁሉን ረስቶ ወደዚያች ሴት ይመለሳል። እናቴ ይህን ስተረጉምላት፣ «ይኸ ነው ሰው» አለች፤ ተነሥታም ቡናውን ጣደች።

የካሴቱ መጨረሻ

ስለ ካሴቱ ራሱ ጥቂት ልበል። ሶኒ ቤታማክስ የተባለውን መቅረጫ በ1975 አወጣ፤ ጄ.ቪ.ሲ. በማግስቱ ዓመት ቪ.ኤች.ኤስ. የተባለውን አመጣ። የሆሊውድ ሰዎች ቴሌቪዥን ቤት ውስጥ መቅረጽ ስርቆት ነው ብለው ሶኒን ከሰሱ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 በአምስት ለአራት ድምፅ ለሶኒ ፈረደ። በገበያ ግን ሶኒ ተሸነፈና በ1988 እሱም ቪ.ኤች.ኤስ. መሥራት ጀመረ። በ1989 ኮሎምቢያ ፒክቸርስን ገዛ፤ «ጥቁር ለባሾቹ»ን ያወጣው ይኸው ኮሎምቢያ ነው። ስለዚህ በ1997 መገባደጃ ፊልሙ በካሴት ሲሸጥ ሶኒ የሚሸጠው በተሸነፈበት ካሴት ላይ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ኬ ከባዕዳን የተገኘች አንዲት ትንሽ ሸክላ ለጄ እያሳየ፣ ይህች የምትወጣ ከሆነ ያንኑ የድሮ ዘፈን ደግሜ ልገዛ ነው ብሎ ያማርራል። ቀልዱ ብዙ አልቆየም፤ በ2000 ፊልሙ ራሱ በዲቪዲ ወጣና ካሴቱን የገዛው ደግሞ ገዛው። በ2016 የመጨረሻው የቪ.ኤች.ኤስ. ዴክ አምራች ፉናይ ሥራውን አቆመ።

የተረቱም ነገር አላበቃም። በ2021 የአሜሪካ የስለላ ተቋማት ኃላፊ ቢሮ ስለማይታወቁ በራሪ ነገሮች ባወጣው ሪፖርት ከ144 ጉዳዮች ምንነቱ በእርግጠኝነት የታወቀው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አየሩ የተነፈሰ ፊኛ ነው። በ2024 የመከላከያ ሚኒስቴሩ ባዕዳን ስለመምጣታቸው ማስረጃ አላገኘሁም አለ። ከሮዝዌሉ ፊኛ ወዲህ ስንት ዓመት እንዳለፈ ይቁጠሩልኝ።

ወንድሜ ቶሎ እመጣለሁ እንዳለ ዓመታት አለፉ። አንድ ዓመት የአውሮፕላን ትኬቱ ተወደደ፤ አንድ ዓመት ሥራ ለወጠ፤ ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ እያለ ቆየ። ፎቶግራፍ እንልክለታለን፤ በስልክ የእናቴን ድምፅ ይሰማል። እናታችን በ1994 ዓ.ም. ዐረፈች። እሱ የደረሰው ከተቀበረች በኋላ፣ አርባዋ ሊወጣ ቀናት ሲቀሩት ነው።

ከአርባው ማግሥት ዕቃዋን ስናነሣ ካሴቱን ከቁም ሣጥኗ ሥር አገኘነው፤ በዚያው ጋዜጣ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። በልባሱ ላይ ያሉትን ሁለት ሰዎች ባየች ጊዜ «ማን ሞቶባቸው ነው?» ማለቷን ነገርኩት። ሳቀ። ከዚያ ዐይኑ በገዛ ራሱ ልብስ ላይ ዐረፈና ዝም አለ። ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ሹራብ፣ ጥቁር ኮት ለብሶ ነበር።

ሲሄድ ካሴቱን ይዞት ሄደ። «እዚያ ዴክ አለኝ፤ ቀለሙም ይወጣል» አለኝ።